የአሥራ ሰባት ቁጥር በር

ዓርብ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኢንሺራሕ ደብተሯን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ወደ ጎልማሶች ትምህርት ስትሄድ፣ ዓርብ ምን እንደሚሆን በከፍር አቡ ሪሻ መንደር የማያውቅ ሴት አልነበረም። ዶክተር ሰፍወት ከመንሱራ ከተማ ይመጣል። ከወንድሟ ከኸሚስ ፊት ይቀመጣል። ስምንት ዓመት በመበለትነት አንዲት ልጅ ያሳደገችው የገበሬ ልጅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሚስት ልትሆን ነው። የእሱ እናት ነገሩን ስትሰማ «ከጭቃ ቤት?» ብላ ሁለት ቀን ምግብ እንዳልቀመሰች ራሱ ነግሯታል። «ሦስተኛው ቀን ላይ በላች» ብሎም አስቋታል።

ነዕማ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ ይዛላት ነበር። ነዕማ ጎረቤቷ ናት፤ ግድግዳቸው አንድ ነው። ጉበቷን ከታመመች ወዲህ የዓይኗ ነጭ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ምላሷ ግን ደህና ነው።

«ኩል ተኩለሽ መጣሽ» አለቻት። «ለፊደሉ ነው ወይስ የዓርብ ልምምድ?»

«ዓይኔን አሞኝ ነው።»

«ያማል እንጂ። ስድስት ወር ሙሉ የመንሱራን መንገድ ሲጠብቅ የከረመ ዓይን ባያም ነበር የሚገርመኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኢንሺራሕ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ ስንዴው አሽቷል። ደስታዋ በጣም ከመብዛቱ የተነሳ የሰው ይመስል ነበር፤ ለአንድ ቀን ተውሳ ያመጣችው፣ ባለቤቱ ድንገት መጥቶ የሚጠይቃት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዶክተር ሰፍወት የጉበት በሽታ በዚህ መንደር ለምን እንደበዛ ሊያጠና መጣ። ወንድ ሰው ሴቶች ብቻቸውን ወዳሉበት ቤት ዝም ብሎ አይገባምና መንገድ የምታሳይ፣ የምትጠይቅ ሴት ፈለገ። ጤና ጣቢያው ኢንሺራሕን ሰጠው። በየበሩ ላይ በሰማያዊ የዘይት ቀለም ቁጥር የጻፈችው እሷ ናት። ገበያ የሚውል ሰው ቁጥር አይጠፋውም። ፊደል ግን አታውቅም ነበር፤ ይህንንም ለእሱ አልነገረችውም። አርባ ሁለቱን ጥያቄዎች ለሠራተኞቹ ሲያነብ ሁለት ጊዜ ሰምታ በቃሏ ያዘቻቸው። ከዚያ በየቤቱ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ፣ ገጹን በሚገለጥበት ቦታ እየገለጠች ጠየቀች። ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት? ባልሽና ወንድምሽ በአንድ ምላጭ ይላጫሉ? ልጅ ሆነሽ መርፌ የወጋሽ ማን ነው? መንደሩ ሁሉ ማንበብ እንደማትችል ያውቃል። አንዲትም ሴት አላጋለጠቻትም።

«ስማችሁ አይጻፍም» ትላቸው ነበር። «ቁጥር ብቻ ነው። ቃሌን ሰጥቻችኋለሁ።»

በሩ የተከፈተለት በእሷ ቃል ነው። ለባሏ ያልነገረችውን የነገረች ሴት ነበረች፤ ለእናቷ ያልነገረችውን የነገረችም ነበረች።

አንድ ቀን ተራው የራሷ ቤት ሆነ፤ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ከእናቷ ከሐጃ ዘኪያ የወረሰችው ቤት። ዶክተር ሰፍወት ደጅ ላይ ካለው መደብ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ሠላሳ ስምንተኛውን ጥያቄ ራሱ ጠየቃት፤ መርፌ የወጋሽ ማን ነው?

«እናቴ» አለችው። «የሰፈሩን ሰው ሁሉ የምትወጋው እናቴ ነበረች። ያለ ክፍያ።»

ከዚያም ለማንም ያልተነገረውን ነገረችው። ሐጃ ዘኪያ አንድ የብርጭቆ መርፌ ነበራት፣ በብረት ሳጥን የሚቀመጥ። ሠላሳ ዓመት ወጋችበት። ኢንሺራሕ ልጅ ሆና ሳጥኑን ተሸክማ ትከተላት ነበር። እናቷ ለሰው ሁሉ «ለእያንዳንዱ ሰው ቀቅዬ ነው የምወጋው» ትላለች። እቤት ግን መርፌው ጠዋት አንድ ጊዜ ይቀቀላል፤ ከዚያ እስከ ማታ በውሃ ይለቀለቃል። ላምባ ውድ ነበር። «ማንንም ልትጎዳ ብላ አልነበረም» አለች ኢንሺራሕ። «እንዲህ ያለ በሽታ በደም እንደሚሄድ ማን ነገራት? እሷም በዚሁ ነው የሞተችው። ግን ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው በተቀበረ ቁጥር ያ ሳጥን እጄ ላይ ይከብደኛል።»

 ዶክተር ሰፍወት የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመና ኪሱ ከተተው።

«ይኼ ለወረቀት አይደለም» አላት። «ይኼ የእኔና የአንቺ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚላት። ኢንሺራሕ በዚያች «አንቺ» ውስጥ ገብታ ቀረች።

ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ደግሞ ደብዳቤ ሰጣት።  «ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው» አለ። «መልሱን ስመለስ ትነግሪኛለሽ።» ሄደ። ወረቀቱን ከፍታ አየችው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የዶክተር ጽሑፍ። ልጇ ሪሃብ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ታነብላት ነበር። ግን ሰው ለሰው የጻፈውን የፍቅር ደብዳቤ ልጅ እንዴት ታነበዋለች? አጣጥፋ ከትራሷ ውስጥ ሰፋችው። በማግሥቱ ጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች።

በወሩ ሲመለስ በቦዩ ድልድይ ላይ ጠበቃት።

«አነበብሽው?»

«እያንዳንዱን ቃል» አለችው፤ ፊቷ እየነደደ።

«አልተቀየምሽኝም?»

ትሑት ሰው፣ አለች በልቧ። «ምኑ ነው የሚያስቀይመኝ?»

«ታዲያ?»

«እሺ» አለችው።

ዓይኑ እንባ ሞላ። ያን እንባ ክረምቱን ሙሉ ለብሳው ከረመች።

ከዚያ ወዲህ ፊደል ስትለይ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ከትራሱ አውጥታ ሞክራዋለች። የመጽሐፉ ፊደል ተለያይቶ ይቆማል፤ የእሱ ፊደል ይሮጣል። ከላይ ስሟን አገኘችው። ከታች «ወንድምሽ» የሚለውን አገኘችው። ሁለቱ በቂዋ ነበሩ።

መምህርቷ አብላ ሰናእ ስትገባ ወረቀቶች በእጇ ነበሩ፤ ፊቷ በርቷል።

«ዛሬ መጽሐፉን ክደኑት» አለች። «ጤና ጣቢያው የለጠፈውን አባዝቼ አምጥቻለሁ። የዶክተሩ ጥናት ነው፤ ስለ እኛ የተጻፈ። እስኪ የራሳችንን ነገር በራሳችን አፍ እናንብበው። እኔም ገና አላየሁትም፤ አብረን እናየዋለን።»

«የዶክተሩ ከሆነ ሙሽራዋ ታንብብ» አለች ነዕማ።

ኢንሺራሕ ተነሳች። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር በታች አስቀመጠች። ጽሑፉ ትልልቅና የተለያየ ነበር፤ እንደ መጽሐፉ። እንዳታሳፍረው ብላ በጥንቃቄ ጀመረች።

«በ… መንደሩ… ምሥራቅ… ሰፈር… በሽታው… ከሌላው… በሦስት… እጥፍ… ይበዛል።»

«ጎበዝ» አለች አብላ ሰናእ።

«ለዚህም… ዋናው… ምክንያት… አንዲት… መርፌ… ወጊ… ናት።»

ፊደሎቹን ለመያዝ ስትታገል ትርጉሙ ኋላ ቀርቶባት ነበር። ጣቷ ቀጠለ።

«ሠላሳ… ዓመት… በአንድ… የብርጭቆ… መርፌ… የወጋች… ሲሆን… ላምባ… ለመቆጠብ…»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ግን ጣቷ አልቆመም፤ መቆም እንደሌለበት ስድስት ወር ሙሉ የተማረ ጣት ነበር። «በቀን… አንድ… ጊዜ… ብቻ… ትቀቅል… ነበር። ትኖር… የነበረውም… በቤት… ቁጥር…»

ቁጥሩን ፊደል በፊደል መያዝ አላስፈለጋትም፤ አፏ ቀድሞ ተናገረው። 17። ሰማያዊውን ቀለም፣ ብሩሹን፣ የሰባቱ እግር ላይ ትንሽ የፈሰሰውን ጠብታ ከወረቀቱ ላይ ያየችው መሰላት።

ከኋላ አንዲት አሮጊት «አሥራ ሰባት የሐጃ ዘኪያ ቤት አይደል እንዴ?» አለች። 

አብላ ሰናእ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደች። ነዕማ ግን ኢንሺራሕን ብቻ ነበር የምታየው፤ በእነዚያ ቢጫ ዓይኖች።

«የላምባውን ነገር ማንም አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ለእያንዳንዳችን እንደቀቀለች ነው የምናውቀው። እኔ አሥራ ሁለት መርፌ ነው የወጋችኝ፤ እኔ እንኳ አላውቅም ነበር።»

ነዕማ ደብተሯን አጠፈች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ኢንሺራሕ በባዶው ክፍል ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈች ቆማ ቀረች፤ የምታነበው ምንም ሳይኖር።

*

ከረቡዕ ጀምሮ በመንደሩ የቢላ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ የየበራቸውን ቁጥር እየፋቁ ነበር፤ ከእንጨት ላይ፣ ከቆርቆሮ ላይ። ኢንሺራሕ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከርግቦቹ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጠች። ትራሱን ቀደደች። የሸሸ ሰው እንደምትይዝ ሆና ደብዳቤውን ፊደል በፊደል ያዘችው። ፀሐይዋ ከራሷ በላይ ተነስታ ከቦዩ ማዶ እስክትዘቀዝቅ ድረስ ወሰደባት።

«ኢንሺራሕ» ይላል። «ፊትሽን እያየሁ ልጠይቅሽ ብዬ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ስለ ሐጃ ዘኪያ መርፌ የነገርሽኝ የጥናቱ ቁልፍ ነው። ያለ እሱ ምሥራቅ ሰፈር ለምን እንደታመመ ማስረዳት አልችልም፤ ካላስረዳሁ ደግሞ መድኃኒቱ ቀድሞ ወደዚህ አይመጣም። ለወረቀት አይደለም ብዬሽ ነበር። ቃሌን መልሺልኝ እልሻለሁ። ስም አልጽፍም፣ የቤት ቁጥር ብቻ። ከፈቀድሽ እሺ በይኝ፤ ካልፈቀድሽ ከጥናቱ እሰርዘዋለሁ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት በየበሩ ያሉትን ቁጥሮች አስጠፊያቸው።»

እንዲህ እያለ ይሄዳል፣ እስከ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ። ከዚያ በታች፣ ቦታ በጠበበበት ጥግ፣ አንድ መስመር ብቻ አለች። «ሥራዬ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ወንድምሽ መጥቼ ለጋብቻ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ።»

ርግቦቹ ራሷ ላይ ይዞሩ ነበር። ኢንሺራሕ «አልተቀየምሽኝም?» ያለውን አስታወሰች። እንባውን አስታወሰች። አንዲት «እሺ» ብላ እናቷንም ራሷንም አንድ ላይ ሰጥታዋለች። በማን እንደምትናደድ ፈለገች፤ በራሷ፣ በእሱ፣ ወይስ ያን ቀን ልትነግረው በፈራችው ነገር። የእሱ ጥፋት ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ መገኘቱ ከመክዳቱ በላይ አቃጠላት። እሺ ብላዋለች፤ ምን ትላለች?

ኸሚስ ከታች ተጣራ። «ዓርብ ይምጣ ብቻ። የምለው አለኝ።»

«የምለውስ እኔ ነኝ» አለችው ከላይ። ግን ምን እንደምትለው ገና አላወቀችም። እስከ ዓርብ ይቅር ልትለው ትችል እንደሆነ ራሷን ስትጠይቅ፣ ልቧ «አዎ» ብሎ መለሰላት፤ ያም አሳፈራት።

*

ዓርብ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ኩል ተኳለች። ለምን እንደተኳለች ራሷን አልጠየቀችም።

ዶክተር ሰፍወት ከሰላት በኋላ መጣ፤ በነጭ ሸሚዝ፣ የጣፋጭ ካርቶን በሁለት እጁ ይዞ። ከቦዩ ጀምሮ የተፋቁትን በሮች እያየ ነው የመጣው። ፊቱ ከመድረሱ በፊት ገርጥቶ ነበር። በሰፈሩ ቁጥሩ ያለው አንድ በር ብቻ ነው። የእሷ።

ኸሚስ ከውስጥ ክፍል ሆኖ እንዲቆይ ለምናዋለች። በሩን ክፍት ትታ ለዶክተሩ ደጁ ላይ ያለውን መደብ አሳየችው።

«ይምጡ» አለች። «ይቀመጡ ዶክተር።»

«ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?»

«ይቀመጡ።»

ያው መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ሻይ የጠጣበት። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቆየ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

«ሰዎቹ ሐጃ ዘኪያን በቁጥሩ ለይተዋቸዋል ማለት ነው» አለ። «እንዲጠፉ ጽፌልሽ ነበር እኮ፣ ኢንሺራሕ። ለምን አላስጠፋሽም?»

ደብዳቤውን ከሻሿ ሥር አወጣች። «ያንብቡልኝ።»

«አንብበሽዋል እኮ።»

«ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

ጀመረ። ድምፁ በስሟ ላይ ደህና ነበር። «ሦስት ጊዜ መጥቼ» ላይ ሳሳ። «ሐጃ ዘኪያ» ላይ ሲደርስ ቆመ። እናቷ ስትሞት የተዘረጋችበት ቦታ ከመደቡ ሁለት እርምጃ ነው፤ ነግራዋለች።

«ይኼን ፊቴን እያዩ ለምን አልጠየቁኝም?»

«አቃተኝ» አለ። «ቃል ገብቼልሽ ነበር። ቃሌን ሳጥፍ ዓይንሽን ማየት አልቻልኩም። ግን እሺ ብለሽኛል። ድልድዩ ላይ። እሺ ባትይኝ አንዲት መስመር አልጽፍም ነበር።»

ይህ ነበር የምትፈራው። እውነቱን ነው። ለሁለት ቀን ያዘጋጀችው ንዴት ከእጇ ሊያመልጥ ሲል ተሰማት። የራሷን ጥፋት መናዘዝ እንዳለባት አወቀች፤ ይቅር ከተባባሉ ሁለቱም ነው የሚባባሉት።

«ሰፍወት» አለችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማዕረግ ጠራችው። «እኔም ዋሽቼሃለሁ። ያኔ አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ነበር። ያን ሁሉ ጥያቄ በቃሌ ይዤ ነው የጠየቅኩልህ። እሺ ያልኩህ ለጋብቻ መስሎኝ ነው።»

ብላ እስኪደነግጥ ጠበቀች። እንዲደነግጥ ፈለገች፤ ጽዋው ከእጁ እንደሚወድቅ ሰው፣ ፊቱ እንዲፈርስ፣ «ምን አልሽ?» እንዲላት። ያን ጊዜ እጁን ይዛ አብራው ታለቅስ ነበር።

ፊቱ አልፈረሰም። ዓይኑን ወደ ካርቶኑ ክር አወረደ፤ ክሩን በጣቱ ያጠነጥን ጀመር።

ኢንሺራሕ ቀስ ብላ ቆመች።

«ያውቁ ነበር» አለች።

ክሩን ፈታ፤ መልሶ አሰረው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛው ሳምንት» አለ። «ሃያኛውን ጥያቄ ቀይረን አዲስ ወረቀት ሰጠናችሁ። አንቺ ግን በየቤቱ አሮጌውን ጠየቅሽ። ያኔ ገባኝ። እንዳላሳፍርሽ ዝም አልኩ። እንዲያውም… ያን ቀን ነው የወደድኩሽ፣ እውነቴን ነው።»

«እና ማንበብ እንደማልችል እያወቁ ደብዳቤ ሰጡኝ።»

«ሪሃብ ታነብልሻለች ብዬ አሰብኩ።»

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ? አያትሽ ሰፈሩን በሽታ አስያዘች ብላ ለእናቷ እንድታነብ?»

«አላሰብኩትም እንደዚያ።»

«‹እያንዳንዱን ቃል› ስልዎትስ?»

መንገዱ ላይ አንድ ቱክቱክ ሙዚቃውን እያንቋረረ አለፈ።

«ማመን ፈለግኩ» አለ። «እሺ እንድትዪኝ በጣም ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም። ስለዚህ አመንኩሽ።»

ከውስጥ ኸሚስ ሲስል ተሰማ። ኢንሺራሕ ወደ በሩ ተመለከተች። ምንም ዓይነት ንዴት ውስጧ አልቀረም ነበር፤ ንዴት ቢኖር ይደግፋት ነበር።

«ኢንሺራሕ፣ የተጻፈው እውነት ነው» አለ፤ ድምፁ ተማጽኖ ሆነ። «መድኃኒቱ በዚህ ወር ይገባል። ምሥራቅ ሰፈር ነው የሚቀድመው። ነዕማ ትድናለች ይሆናል። ይኼ ምንም አይደለም?»

«እውነት ነው» አለች። «ከእርስዎ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ይዳኑም፤ አላህ ያድናቸው። ግን ብትጠይቀኝ ኖሮ…» ምላሷ ከዳት፤ አላረመችውም። «እዚህ ተቀምጠህ፣ ሻይህን ይዘህ፣ በአፍህ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ እኔ ራሴ በር በር አንኳኩቼ እነግራቸው ነበር። እናቴ እንዲህ አደረገች፣ አላወቀችም፣ ይቅር በሏት እል ነበር። አልቅሰው ያስገቡኝ ነበር። አሁን ግን በእኔ ጣት ፊደል እየቆጠርኩ፣ በእናቴ በር ቁጥር፣ ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። ስድስት ወር የተማርኩት ለዚህ ሆነ።»

ሰፍወት ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ካርቶኑ ከጭኑ ተንሸራቶ በጎኑ ወደቀ፤ የባስቡሳ ጣፋጩ ሽሮፕ በወረቀቱ ስንጥቅ ወጣ።

«እወድሻለሁ» አለ ከእጁ ሥር።

«አውቃለሁ። ባይወዱኝማ እንዲህ አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ጎንበስ ብላ ካርቶኑን አነሳች፤ አቅንታ እጁ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለት ዓመት ስትመኘው የነበረው ሙቀት እዚያው ነበር፣ አልቀዘቀዘም። ቢቀዘቅዝላት ምንኛ በቀለላት።

«መልሴን ልጽፍልዎት እችል ነበር» አለች። «አሁን እችላለሁ። ግን ፊትዎን እያየሁ ልንገርዎት። አላገባዎትም።»

ዓይኑን ቀና አድርጎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም፤ እስኪቆም፣ እስኪወጣ፣ ነጭ ሸሚዙ ከቦዩ ድልድይ ማዶ ትንሽ እስኪሆን ድረስ አየችው። ዞር ይላል ብላ ጠበቀች። ሲዞር ግን ወደ ውስጥ ገባች፤ ሮጣ እንዳትከተለው ፈርታ።

*

ኸሚስ ምንም አልጠየቃትም። ሻይ አፍልቶ ሰጣት፤ በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ አያውቅም፣ ስኳሩን ረስቶታል። ጠጣችው።

ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ነዕማ ቤት አሥራ ስምንት ቁጥር ነበር፤ አሁን በሩ ላይ የቀረው የተፋቀ ነጭ እንጨት ብቻ ነው። አንኳኳች። ነዕማ ከፈተች፤ መግቢያውን ግን አልለቀቀችም።

«የመጣሁት ልነግርሽ ነው» አለች ኢንሺራሕ።

«ሰምቻለሁ። አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ።»

«በአፌ ልንገርሽ።»

ነዕማ ትከሻዋን ከበሩ ጋር አስደግፋ ቆመች። ኢንሺራሕ ነገረቻት። የብረት ሳጥኑን፣ ላምባውን፣ ጠዋት አንዴ የሚፈላውን ውሃ፣ ቀኑን ሙሉ የሚለቀለቀውን መርፌ፣ ሳጥኑን ተሸክማ የሄደችበትን በር ሁሉ። አላሳጠረችም፤ እናቷንም አላዳነችም። ስትጨርስ ጎረቤት ሴቶች በየበራቸው ወጥተው ይሰሙ ነበር። ወደ እነሱም እንደምትሄድ አውቃለች፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፤ ቁጥራቸው ቢፋቅም እሷ አትረሳውም።



«እጇ ቀላል ነበር» አለች ነዕማ። «እናትሽ ስትወጋኝ አያመኝም ነበር። እያወራች ነው የምትወጋው፤ ሳይሰማሽ ያልቃል።»

«ነዕማ…»

«መርፌው አይደለም ያመመኝ፣ አንቺ ልጅ። ሃያ ዓመት ግድግዳችን አንድ ነው። ለእሱ ነግረሽው ለእኔ አልነገርሽኝም።»

 ከማክሰኞ ጀምሮ ሰው ከዳኝ ብሎ ሲያለቅስ የሰነበተው የኢንሺራሕ ልብ፣ እሷስ ማንን እንደከዳች አሁን ነው ያየው። ሰፍወት ፊቷን ማየት ያቃተውን ያህል፣ እሷም ሃያ ዓመት የዚህችን ሴት ፊት ማየት አቅቷት ነበር። በመደቡ ላይ እጁን ፊቱ ላይ ያደረገው ሰው ትዝ አላት። እንዴት እንደሚያም አወቀች። ግን የሄደውን አልጠራችውም።

ነዕማ ቢጫ ዓይኗን ከፊቷ ላይ አላነሳችም። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለች፤ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል።

«ኩልሽ ፈሰሰ» አለቻት። «ግቢ፣ ሰው ፊት አትቁሚ።»